ሰው ሲጠራዎ ይጩኽ፣ አፕ ሲጠራዎ ዝም ይበል
ስማርት ስልክን የማቅለያ መመሪያ ለከሚሴና ለአካባቢዋ ነዋሪ

ከሚሴ ላይ ስልክ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ናትና ሹፌሩ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ የሚያጣራው በስልክ ነው። ነጋዴው የሰኞውን የባቲ ገበያ ዋጋ የሚሰማው፣ የጨፋ ሜዳ ገበሬ ለምርቱ ገዢ የሚያፈላልገው፣ እናትም ሳዑዲ ካለች ልጇ ጋር የምትገናኘው በዚሁ ስልክ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው “ስልክህን ጣለው” ብሎ መምከር ችግሩን አለማወቅ ነው።

ችግሩ ግን አለ። ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ ባለሱቁ ቪዲዮ ላይ ያፈጥጣል። ተማሪው ደብተሩን በገለጠ በአምስት ደቂቃው ቴሌግራም ይከፍታል። ቤተሰብ ቡና ላይ ተቀምጦ ሁሉም ወደየእጁ ይመለከታል። እንቅልፍ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ይመጣና ለፈጅር ሶላት ወይም ለማለዳ ቅዳሴ መነሣት ይከብዳል።

መፍትሔው በስልካችን የሚመጡትን ጥሪዎች ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛው ወገን ሰው ነው፤ ስማችንን የሚያውቅ፣ ጉዳይ ያለው፣ መልሳችንን የሚጠብቅ። ሌላው ወገን አፑ ራሱ ነው፤ ማንም ሳይፈልገን “አዲስ ቪዲዮ ወጥቷል”፣ “እገሌ ፎቶ ለጠፈ”፣ “ይህን አይተዋል?” እያለ የሚጣራ። አብዛኞቹ እነዚህ አፖች በነፃ የሚሰጡን ገቢያቸው ከማስታወቂያ ስለሚመጣ ነው፤ እኛ ረዘም ላለ ጊዜ በተመለከትን ቁጥር እነሱ ብዙ ማስታወቂያ ያሳያሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ አንድ ደንብ ይከተላሉ፦ ሰው ሲጠራዎ ስልኩ ይጩኽ፤ አፕ ሲጠራዎ ዝም ይበል።

መመሪያው የተዘጋጀው በብዙዎቻችን እጅ ላሉት የአንድሮይድ ስልኮች ነው፤ ለቴክኖ፣ ለኢንፊኒክስ፣ ለአይቴል፣ ለሳምሰንግ። አይፎን የያዙ ሰዎች ተመሳሳዩን “ስክሪን ታይም” እና “ፎከስ” በሚሉት ማውጫዎች ውስጥ ያገኙታል። የማውጫዎቹ ስም ከስልክ ወደ ስልክ ይለያያልና ካጡት ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለው መፈለጊያ ላይ ይጻፉት።

1. መጀመሪያ ወረቀት ይያዙ

ስልኩን አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ፦ “ስልኬ ለአንድ ሳምንት ባይኖር በእውነት ምን ይጎድልብኛል?” የመጣልዎትን ይጻፉ። የአብዛኛው ሰው ዝርዝር አጭር ሆኖ ይገኛል፦ ጥሪ፣ አጭር መልእክት፣ ቴሌብር ወይም የባንክ አፕ፣ ካሜራ፣ ካልኩሌተር፣ የሶላት ሰዓት፣ ውጭ ካለ ዘመድ ጋር የሚነጋገሩበት ኢሞ ወይም ዋትሳፕ፣ ለሥራ የሚያስፈልግ አንድ ሁለት የቴሌግራም ግሩፕ።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ “ዲጂታል ዌልቢንግ” የሚለውን ይክፈቱ። በየትኛው አፕ ላይ በቀን ስንት ሰዓት እንዳሳለፉ፣ ስልኩን ስንት ጊዜ እንደከፈቱ፣ ስንት ኖቲፊኬሽን እንደደረሰዎት ያሳይዎታል። ይህን ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። ወረቀቱ ላይ ሳይኖር ብዙ ሰዓት የወሰደ አፕ ካለ የሥራዎ መጀመሪያ እሱ ነው።

አንድም አፕ ከማጥፋትዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ያረጋግጡ። የዋና ዋና ሰዎችዎን ስልክ ቁጥር በወረቀት ይገልብጡ። የቴሌብርና የባንክ ሚስጥር ቁጥርዎን በቃልዎ መያዝዎን ይወቁ። የዋትሳፕ መልእክቶችዎ የሚያስፈልጉዎት ከሆነ አስቀድመው ባክአፕ ያድርጉ። የቴሌግራም አፕን ማጥፋት አካውንቱን አያጠፋም፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ ካልገቡበት ቴሌግራም ራሱ ሊሰርዘው ስለሚችል አልፎ አልፎ መግባት ይገባል።

2. የኖቲፊኬሽኑን በር ይዝጉ

ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ቢተዉ እንኳ ይህን አይተዉ።

ሴቲንግ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን፣ ከዚያ “አፕ ኖቲፊኬሽን” ይግቡ። የአፖቹ ዝርዝር ከነማብሪያ ማጥፊያቸው ይወጣል። አንድ በአንድ እያዩ “ከዚህ አፕ በስተጀርባ የሚጠራኝ ሰው አለ?” ይበሉ። ከሌለ ያጥፉት። ጥሪ፣ አጭር መልእክት፣ የሰዓት ደወል፣ ባንክና ቴሌብር፣ ዘመድ የሚደውልበት አፕ ይቀራሉ። ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ጌም፣ ብራውዘር፣ የፎቶ ማሳመሪያ፣ የአፕ መደብር ሁሉም ይጠፋሉ።

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ስልኮች ላይ ከፋብሪካው ተጭነው የሚመጡ እንደ “ፎኒክስ ብራውዘር”፣ “ፓልም ስቶር” እና “አሃ ጌምስ” ያሉ አፖች አሉ። እነዚህ ዜናና ማስታወቂያ ወደ ስልክዎ ይልካሉ። አይኮኑን ጫን አድርገው ይዘው “አፕ ኢንፎ” ሲሉ “አንኢንስቶል” ወይም “ዲስኤብል” የሚል ቁልፍ ካገኙ ይጠቀሙበት። ቁልፉ ከሌለ ኖቲፊኬሽኑን መዝጋት ይበቃል።

በአጭር ቁጥር የሚመጡትን የጥቅስ፣ የሎተሪና የጥያቄና መልስ መልእክቶችንም አይርሱ። ተመዝግበውባቸው ከሆነ በየጊዜው ሂሳብ ይቆርጣሉ። “ስቶፕ” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ወደዚያው አጭር ቁጥር ይላኩ። ከቴሌብር የሚመጣው የ127 መልእክትና የባንክዎ መልእክት ግን ድምፅ ይኑራቸው፤ በተለይ ሱቅ ላለው ሰው ክፍያ መግባቱን የሚያውቀው በእነሱ ነው።

3. የፊት ገጹን ባዶ ያድርጉ

ስልክ ስንከፍት ዓይናችን ያረፈበትን እንነካለን። ሰዓት ለማየት የተከፈተ ስልክ ወደ ቲክቶክ የሚወስደን አይኮኑ ፊት ለፊት ስለተቀመጠ ነው።

የፊት ገጹ ላይ በወረቀትዎ ያሉትን ብቻ ያስቀምጡ። ስድስት ወይም ስምንት አይኮን ይበቃል፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። የቀሩትን ጫን አድርገው ይዘው “ሪሙቭ” ይበሉ። ይህ አፑን አያጠፋም፤ ከፊት ገጽ ያነሳዋል እንጂ። አንዳንድ ስልኮች ሁሉንም አፕ ፊት ለፊት የሚደረድሩ ናቸው፤ በእነሱ ላይ የሆም ስክሪን ሴቲንግ ገብተው “አፕ ድሮወር” ያለበትን አቀማመጥ ይምረጡ። እሱም ካልተገኘ ትኩረት የሚሰርቁትን አፖች በአንድ ፎልደር ሰብስበው የመጨረሻው ገጽ ላይ ያኑሩ።

ጨምረው ቀለሙን ያጥፉ። ዲጂታል ዌልቢንግ ውስጥ “ቤድታይም ሞድ” ሲከፍቱ “ግሬይስኬል” የሚል ያገኛሉ፤ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል። ቀዩ የኖቲፊኬሽን ነጥብና የቪዲዮው ቀለም ሲደበዝዝ ጣት ለመንካት የሚኖራት ጉጉት ይቀንሳል። ጨርቅ ወይም ዕቃ በፎቶ የሚሸጡ ከሆነ ቀለም ያስፈልግዎታልና ከምሽት ጀምሮ ብቻ እንዲሠራ ሰዓት ይሙሉለት።

4. ቴሌግራምን በሥርዓት ይያዙት

በአገራችን ቴሌግራም ጋዜጣም፣ ገበያም፣ መድረሳም፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳም ሆኗል። ማጥፋት ለብዙ ሰው አይቻልም፤ ጸጥ ማሰኘት ግን ይቻላል።

ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ “ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ” ይግቡ። ሦስት መስመር ያገኛሉ፦ የግል መልእክት፣ ግሩፕ፣ ቻናል። የግል መልእክቱን ክፍት ይተዉ። ግሩፕንና ቻናልን በጠቅላላ ይዝጉ። እዚያው “ኤክሴፕሽን” የሚል ቦታ አለ፤ በእውነት ወዲያው መስማት ያለብዎትን ብቻ ያስገቡ። ለሹፌርና ለነጋዴ የመንገድ ወሬ የሚለዋወጡበት ግሩፕ እዚህ ይገባል፤ መንገዱ መከፈትና መዘጋቱ የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ነውና። ከዚያው ወረድ ብለው “ኮንታክት ጆይንድ ቴሌግራም” የሚለውን ያጥፉ።

ቀጥለው ከቻናሎች ይውጡ። ባለፈው አንድ ወር ምንም ያልጠቀመዎትን ሁሉ “ሊቭ” ይበሉት። መውጣት የሚያሳፍርባቸውን የዘመድና የሰፈር ግሩፖች ወደ “አርካይቭ” ይላኩ፤ ማንም አያውቅም፣ እርስዎም በፈለጉ ጊዜ ገብተው ያነባሉ።

በመጨረሻ “ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ” ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ “አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ”ን ያጥፉ። ፓኬጅዎ ይበረክታል፤ ስልኩም በማያስፈልግ ፋይል አይሞላም።

5. ማለቂያ የሌላቸውን ገጾች ማለቂያ ይስጧቸው

ጣት በገፋ ቁጥር አዲስ ነገር እያመጣ የማያልቀውን ገጽ በ2006 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው አዛ ራስኪን የተባለ የአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ኋላ ላይ ሥራው በሰዎች ጊዜ ላይ ያደረሰውን አይቶ በይፋ ተጸጽቷል። መጽሐፍ ምዕራፉ ሲያልቅ፣ ዜና እወጃ ሰዓቱ ሲሞላ ያበቃል፤ እዚያ ላይ ሰው “ይበቃኛል” ለማለት ዕድል ያገኛል። ቲክቶክና ፌስቡክ ይህን ማቆሚያ አንስተውታል። እኛ መልሰን ማቆም አለብን።

ቲክቶክን ለመዝናኛ ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ያጥፉት። አንድ ወር ያህል ይሞክሩት፤ ከናፈቀዎት ተመልሶ ይጫናል። ዕቃ የሚያስተዋውቁበት ከሆነ ግን ዲጂታል ዌልቢንግ ውስጥ “አፕ ታይመር” ያስገቡለት፤ ለምሳሌ 30 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲሞላ አፑ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘጋል።

ፌስቡክን አፑን አጥፍተው በብራውዘር ይግቡበት። በየጊዜው አድራሻ መጻፍና የይለፍ ቃል ማስገባት ትንሽ ስለሚያደክም የሚገቡት ጉዳይ ሲኖርዎት ብቻ ይሆናል።

ዩቲዩብ ትምህርትም ዳዕዋም መዝሙርም ያለበት ነውና በጠቅላላ መዝጋት አያስፈልግም። “ዋች ሂስትሪ” የሚለውን አጥፍተው ያለፈውንም ይሰርዙት፤ የመነሻ ገጹ ቪዲዮ መደርደሩን ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚያገኙት ፈልገው የጻፉትን ይሆናል። “አውቶፕሌይ”ንም ያጥፉ፤ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ አይጀምርም።

6. የጸጥታ ሰዓት ይወስኑ፣ ለሰው ግን በር ይተዉ

“ዱ ኖት ዲስተርብ” የሚለው ማውጫ ስልኩን በወሰኑት ሰዓት ጸጥ ያደርገዋል። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት “እናቴ ብትደውልስ?” ብሎ ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

በመጀመሪያ ስልክ ማውጫዎ ውስጥ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅና የቅርብ ጎረቤት ላይ ኮከብ ያድርጉ። ከዚያ ዱ ኖት ዲስተርብ ውስጥ “ኮልስ” ገብተው ኮከብ ያላቸው ብቻ እንዲያልፉ ይፍቀዱ። “ሪፒት ኮለርስ” የሚለውንም ያብሩ፤ አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ድምፁ ይሰማል። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ መደወሉ አይቀርም።

ዘመድ ሳዑዲ፣ ዱባይ ወይም ቤሩት ላለው ቤተሰብ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስልክ የምትይዘው ብዙውን ጊዜ ሥራዋን ጨርሳ፣ በሌሊት ነው። የእሷ ጥሪ የሚመጣው በኢሞ ወይም በዋትሳፕ በመሆኑ የኮከቡ ፈቃድ ላይሠራለት ይችላል። ስለዚህ ዱ ኖት ዲስተርብ ውስጥ “አፕስ” የሚለው ጋ ገብተው ያንን አፕ ያስፈቅዱ፤ በአፑ ውስጥ ደግሞ ግሩፖቹን በሙሉ ድምፅ አልባ ያድርጉ። አስፈቅደው ሲያበቁ አንድ ሰው እንዲደውልልዎ አድርገው መሥራቱን ይፈትሹ።

ሰዓቱን ሲሞሉ የስልኩን አቆጣጠር ያስተውሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ስልኩ ላይ 21፡00 ወይም ከሰዓት በኋላ 9፡00 ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 6፡00 ነው። ለሌሊት ይህን ይሙሉ። ለጁምዓ ሶላት ሌላ ሰዓት ይጨምሩ፦ ዓርብ ብቻ፣ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ በስልኩ ከ12፡00 እስከ 14፡00። በአገራችን የቀንና የሌሊት ርዝመት ከወር ወር ብዙ ስለማይለዋወጥ አንዴ የሞሉት ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። መስጊድ ውስጥ ስልክ ጮኾ ሰጋጁን እንዳይረብሽም በየሳምንቱ ማስታወስ አይጠበቅብዎትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም በዚሁ መንገድ የራሱን ሰዓት ይሙላ።

7. ለስልኩ ቦታ ይስጡት

በሴቲንግ የሚሠራው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ስልኩ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ስልካቸው ድምፁ ጠፍቶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰዎች ስልካቸውን ሌላ ክፍል ካስቀመጡት ይልቅ ትኩረት በሚጠይቁ ፈተናዎች ያነሰ ውጤት አግኝተዋል። ለማጥናት የሚቀመጥ ተማሪ ስልኩን ገልብጦ አጠገቡ ማስቀመጡ አይበቃውም፤ ለእናቱ ሰጥቶ ይቀመጥ።

እንቅልፍ ላይም እንዲሁ። ስልኩን ከመኝታ ራቅ አድርገው ቻርጅ ያድርጉ። የሚቀሰቅስዎ ስልኩ ከሆነ ከአልጋ ወርደው የሚደርሱበት ቦታ ይሁን፤ ተነሥተው ያጠፉታል፣ በዚያው ይታጠባሉ።

ቡና ላይ ደግሞ ወሎ የራሱ ሥርዓት አለው። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ የጨዋታ፣ የምርቃትና የዱዓ ጊዜ ነው። ቡናው ሲቆላ ስልኮች በአንድ ሰፌድ ላይ ተሰብስበው ጓዳ ይግቡ፤ በረካው ሲጠጣ ይመለሱ። ይህን ማስጀመር የሚገባው ልጆች ላይ ሳይሆን ትልልቆቹ ላይ ነው። አባት ስልኩን ሰፌዱ ላይ ካኖረ ልጁ አይከራከርም።

8. ከተቻለ ባለ ቁልፍ ስልክ ይጨምሩ

ሁሉንም አድርገው ስማርት ስልኩ አሁንም የሚያሸንፍዎ ከሆነ ዋናውን ሲም ካርድ ወደ ባለ ቁልፍ ስልክ ያዛውሩ። ስማርት ስልኩ ቤት ይቀመጥ። ባለ ቁልፉ ስልክ ጥሪና አጭር መልእክት ይቀበላል፣ ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ መብራት ሲጠፋ አያስጨንቅም። በቴሌብር ለመክፈል *127# መደወል ይበቃል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞችም *889# አላቸው።

ሁለት ስልክ መያዝ ለማይመቸው ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ስልኮች ላይ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ “አልትራ ፓወር” ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ማውጫ አለ። ሲበራ ስልኩ ጥሪን፣ መልእክትንና ጥቂት የመረጧቸውን አፖች ብቻ ያሳያል። በጥናት ሰዓት ወይም በሥራ ሰዓት ያብሩት፤ ስማርት ስልክዎ ለጊዜው ባለ ቁልፍ ይሆናል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ ዕረፍት አልነበረም፤ ጭንቀት ነበር፤ ምክንያቱም ያቋረጥነው እኛ አይደለንም፣ የምንፈልገውና የማንፈልገው በአንድ ላይ ነው የተዘጋው። እዚህ የሚመከረው የዚያ ተቃራኒ ነው፦ የትኛው እንደሚከፈትና የትኛው እንደሚዘጋ እርስዎ ይወስናሉ።

9. በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይፈትሹ

የስልክ ሥርዓት አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። አፕዴት ሲመጣ አዲስ አፕ ይጫናል፣ የዘጉት ኖቲፊኬሽን ሊከፈት ይችላል፣ ዘመድ አዲስ ግሩፕ ውስጥ ያስገባዎታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከገበያ መልስ፣ ዲጂታል ዌልቢንግን ከፍተው ሰዓቱን ይመልከቱ። ከጨመረ የትኛው አፕ እንዳስጨመረው ያያሉ፤ እሱን ብቻ ያስተካክሉ።

ለጀማሪ ጥሩ ጊዜ ጾም ነው። በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ሰው ብዙ ልማዱን ለመግታት አስቀድሞ ልቡን ያዘጋጃል፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም አብሮ ስለሚጾም ብቻውን አይሆንም። ቲክቶክን በጾሙ መግቢያ ያጠፋ ሰው ጾሙ ሲፈታ መልሶ ይጫነው ወይስ አይጫነው ብሎ የሚወስነው በጠራ ልብ ነው።

ስልክዎን ሲያቀልሉ የተረፈውን ጊዜ ለምን እንደሚያውሉትም አብረው ያስቡ። ባዶ የተተወ ሰዓት ወደ ስልኩ ይመለሳል። ቁርኣን ወይም ዳዊት የሚደግም ይኖራል፣ የልጁን ደብተር የሚያይ ይኖራል፣ የሱቁን ሒሳብ የሚያስተካክል ይኖራል፣ የታመመ የሚጠይቅ ይኖራል። የእርስዎን በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፉት።

ዘጠኙን እርምጃ በአንድ ቀን መጨረስ ግድ አይደለም። ዛሬ ማታ ሁለተኛውን ብቻ ይሥሩ፦ ኖቲፊኬሽን ውስጥ ገብተው ሰው የሌለበትን ሁሉ ያጥፉ። ነገ ስልክዎ ሲጮኽ የፈለገዎ ሰው መሆኑን አውቀው ያነሣሉ።